መንገድ ሳይኖር የመጣችው መኪና፦ እምዬ ምኒልክና የሚሽከረከር ነገር ፍቅራቸው

ባለፈው ሰሞን አንዱ ባልደረባችን ያረጀች ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሩ ባሌስትራ ሰብራበት፣ እኛንም አስከትሎ መርካቶ ገባ። ሶማሌ ተራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪና በሙሉ ሳይሆን በቁርጥራጭ የሚኖርበት ሰፈር ነው። አንዱ ሱቅ በር ላይ ፓራፋንጎ ተሰቅሏል፣ ሌላው ጋ ካምቢዮ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ወዲያ ማዶ የፊት መብራት እንደ ሽንኩርት ተከምሯል። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስንላክ ግማሽ ቀን አለፈ። ሻይ ልንጠጣ ቁጭ ስንል ከመሃላችን አንዱ ጥያቄ አነሣ፤ መኪና መጀመሪያ እዚህ አገር የገባ ጊዜ ባሌስትራ የተሰበረበት ሰው የት ሄዶ ነው የሚገዛው?

የትም! ሶማሌ ተራ የለም፣ መርካቶም ራሱ የለም፣ ማደያ የለም፣ መካኒክ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ የለም። ያም ሆኖ መኪናዋ መጣች። አዲስ አበባ ላይ ሆነው በጉጉት የሚጠብቋት ሰው ደግሞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነበሩ። ስለ ምኒልክ ሲወራ ዓድዋ ይቀድማል፣ ክርክሩም ብዙ ነው። ዛሬ ግን እሱን ትተን አንድ ነገራቸውን ብቻ እንከተል፤ በራሱ ጉልበት የሚሄድ ነገር ላይ የነበራቸውን ፍቅር።

ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ተማርከው ሄዱ፤ ያደጉትም በቴዎድሮስ እጅ ሥር፣ በኋላም መቅደላ አምባ ላይ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። እሳቸው ካመለጡ በኋላ ቴዎድሮስ ያደረጉትን ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም። ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በተሽከርካሪ ጭነው፣ ገደል እየናዱና መንገድ እየቀደዱ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አወጡት። ጉዞው ወራት ፈጀ። በዚያ ዘመን በደጋው አገር ጋሪ እንኳ ብርቅ ነበር፤ ሸክሙ ሁሉ የሚሄደው በሰው ጀርባ፣ በአህያና በበቅሎ ነው። ከባድ ነገር ማንቀሳቀስ ከፈለግህ መጀመሪያ መንገዱን መሥራት አለብህ። ይቺን ጣጣ ምኒልክም በኋላ በደንብ ቀመሷት።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ሸዋ ደረሰ። አንኮበር ላይ የጀመረው የሁለቱ ወዳጅነት ከ25 ዓመት በላይ ቆየ። ኢልግ አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ውኃ በቧንቧ ቤተ መንግሥት አስገባ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነ። ከሁሉም የበለጠው ሕልማቸው ግን የባቡር ሐዲድ ነበር። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሐዲዱ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ልብ በሉ፣ ዓድዋ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ዓድዋን ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ጉዞውን ነው። ጦሩ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓድዋ ላይ የተዋጋው የካቲት 23 ነው። ወደ አምስት ወር ማለት ነው! ንጉሠ ነገሥቱ በበቅሎና በፈረስ፣ ሠራዊቱ በእግሩ፣ ስንቁ በአህያና በሴት ጀርባ ተጓዘ። እንዲህ ያለ መንገድ ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ሞተር የሚባል ነገር ቢሰማ ባይጓጓ ነበር የሚገርመው።

ምኒልክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኢትዮጵያ ውጭ ረግጠው አያውቁም። የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን ሮምንም ለንደንንም አይተዋል፤ እሳቸው ግን አውሮፓን ያዩት ወደ እሳቸው በመጡ ዕቃዎች በኩል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማሽን የያዘ ፈረንጅ ሁሉ ግቢያቸው በር ላይ ሰልፍ የሚይዘው። ከፊሉ አጭበርባሪ እንደነበር ሳይታለም የተፈታ ነው። ምኒልክ ግን ዕቃውን ራሳቸው ነካክተው፣ ጠይቀው፣ ሲሠራ አይተው የማየት አመል ነበራቸው።

አሁን ወደ ሰርኪስ ባቡር እንምጣ። አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ስሙን የሚያውቁ አይጠፉም፤ ዘፈን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሰርኪስ ተርዚያን በወጣትነቱ ሐረር የገባ አርመናዊ ነጋዴ ሲሆን ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ከሚያስመጡት አንዱ ነበር። ይህ ሰው በ1890ዎቹ አጋማሽ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆሞ ነበር። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ገና 470 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ቀሪው መንገድ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፤ ወይ በቆላው በረሃ በግመል፣ ወይ በጨርጨር ተራራ በበቅሎ።

እስቲ አስቡት። መዳመጫ ማለት ለተሠራ መንገድ የሚሆን ማሽን ነው። እሱ ግን መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ፣ መንገድ ሊሠራ ይመጣል። እንፋሎት ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፣ እሳት ይፈልጋል። በቆላው ውኃ የለም፣ በደጋው ዳገቱ አይጣል ነው። ዛሬ ፎር ዊል ድራይቭ አለኝ ብሎ ጭቃ ላይ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጎረምሳ ሁሉ ለዚህ ብረት ኮፍያውን ማንሳት አለበት። እኛ በበኩላችን አገራችን ያየችው የመጀመሪያው እውነተኛ የኦፍሮድ ጉዞ ይሄ ነው እንላለን፤ የማይስማማ ካለ ይከራከረን።

ለምን መዳመጫ? ይሄ ነው ስለ ሰውዬው ብዙ የሚነግረን። ምኒልክ ከመኪና በፊት ያስገቡት መንገድ የሚሠራውን ማሽን ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ስለነበር ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማው ሳይዛወር ቀረ፣ ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አዳናት። ከአዲስ አበባ አዲስ ዓለም የተቀደደው መንገድ ግን በአገሪቱ ውስጥ ለተሽከርካሪ ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ 1900 ዓ.ም. መጣ። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሁለት መኪኖች፣ አንዷ የእንግሊዝ አንዷ የጀርመን፣ ምኒልክ ጋ ለመድረስ ተጓዙ። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ የያዛት ሲድሊ የምትባል መኪና ናት። አብረውት አንድ እንግሊዛዊ ሾፌር፣ አንድ ሶማሌ ረዳትና አንድ ቡልዶግ ውሻ ነበሩ። (ሶማሌ ተራ ቁጭ ብለን ይሄን ስናወራ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።) ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ ናከ የተባለች የሳክሶኒ ፋብሪካ መኪና ይዟል። ሁለቱም ጉዞዎች በኋላ መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል፤ የጀርመኑ በ1908፣ የእንግሊዙ በ1913 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ርእሳቸው ራሱ መንትያ ነው፤ ሁለቱም በመኪና ወደ ምኒልክ የሚል ነው። ቀዳሚነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለቤንትሊ ነው።

የዛሬ መኪና በመሪ ብቻ የምታዞሩ ልጆች ሆይ፣ ያኔ መኪና መንዳት ማለት ግማሹ ድንጋይ መፈንቀል ነበር። ቤንዚኑን ይዘህ ትዞራለህ ወይ ቀድሞህ በግመል ይሄዳል። ጎማ ቢፈነዳ ከያዝከው ሌላ የለም። ብረት ቢሰበር ወይ ራስህ ትጠግናለህ ወይ የመንደር ቀጥቃጭ ትለምናለህ። ወንዝ ሲመጣ ሰው ሰብስበህ በገመድ ታስጎትታለህ። ለነገሩ ዛሬም ክረምት ላይ ገጠር የወጣ ሾፌር ይሄን ታሪክ ቢያነብ ምኑ ነው ድሮ ይለናል።

መኪናዋ አዲስ አበባ ስትደርስ የከተማው ሰው ጉድ አለ። ምኒልክ ግን ከሩቅ ቆመው አላዩም፤ ተሳፍረው ሄዱባት። መሪውን ራሳቸው ጨብጠው እንደነዱም ይነገራል፤ ብዙ ሰውም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሾፌር እሳቸው ናቸው ይላል። ዕድሜያቸው ያኔ 63 ደፍኗል። አሥር ዓመት ሙሉ የሐዲዱን መድረስ ሲጠብቁ የነበሩ ሽማግሌ፣ ከመኳንንቶቻቸው ቀድመው የሚንቀጠቀጠው ብረት ላይ ሲወጡ በዓይነ ኅሊናችን ስናይ፣ ንጉሥ መሆናቸውን ለትንሽ ጊዜ እንረሳለን።

ግን ጊዜው አልበቃቸውም። ሕመሙ አስቀድሞ ጀምሯቸው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ምት መጣና አካላቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። መኪናዋ ከገባች ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በእግር፣ በበቅሎና በፈረስ አገር ያካለሉት ሰው፣ በስተርጅና በሞተር መሄድ ሲቻል፣ ከአልጋቸው መነሣት አቃታቸው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆዩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ።

ያ ፈቃድ የሰጡበት ባቡርስ? አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ፈቃዱን ከሰጡ ከ23 ዓመት በኋላ።

አንዳንዱ ሰው ምኒልክን ሥልጣኔ በዕቃ የገዙ ንጉሥ አድርጎ ያቃልላቸዋል። እውነት አለው፤ ከመጣው ማሽን አንድም እዚህ አገር የተሠራ የለም። ጠጋኙም መሐንዲሱም የውጭ ሰው ነበር። ማሽኑ ሲቆም ሁሉም ነገር ይቆማል። የተማረ እጅ ከብረቱ እኩል አልመጣም። እኛም ይሄን ጎዶሎ አንደብቅም። ግን መኪና ተቀብሎ ግቢ ውስጥ ማቆም ቀላል ነበር፤ ምኒልክ ደግሞ ከመኪናዋ በፊት ድልድዩንም መንገዱንም ጀምረው ነበር።

መርካቶስ የት ገባች? በምኒልክ ጊዜ ትልቁ ገበያ የነበረው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ ያለበት አዲስ ከተማ ያወረደው በወረራው ጊዜ ጣሊያን ነው፤ አራዳን ለፈረንጅ፣ ይሄኛውን ለአገሬው ሰው ብሎ ከፍሎ። መርካቶ የሚለው ስምም ጣሊያንኛ ነው፣ ገበያ ማለት ነው። መኪና የሚለውም ከዚያው ነው የመጣው። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ... ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ ግማሹን የምታወሩት ጣሊያንኛ ነው። ዓድዋ ላይ ያሸነፉት ንጉሥ ይሄን ቢሰሙ ምን እንደሚሰማቸው እንጃ። መዳመጫውን ግን በዘመናቸው የነበረ ሰው በራሱ መንገድ ባቡር ብሎ ስም አውጥቶለት፣ የባለቤቱን ስም ለጥፎበት ነበር።

የባልደረባችን ባሌስትራ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ከተፈታች ሌላ ሃርድቶፕ የወጣ ነው። ሻጩ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን አሰማን፣ የተሰነጠቀ እንደሌለው ለማሳየት። ዋጋው ላይ ብዙ ተከራከርን፣ ትንሽ ወረደ። በኩሊ አሸክመን፣ በሰውና በጋሪ መሃል እየተጋፋን፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ መኪና አያልፍም።