አራት ቤት የገባው ነጂ
(የሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ አጭር የሕይወት ታሪክ)

ሰው አሠሪውን በለወጠ ቁጥር ወሬ ይከተለዋል። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ መናኸሪያ አንድ ሾፌር የአንዱን ባለንብረት አውቶቡስ አስረክቦ የሌላውን ቢይዝ፣ በማግሥቱ ሻይ ቤቱ ሁሉ ምክንያቱን ሲፈልግለት ይውላል። ከፊሉ ደመወዝ ተጨምሮለት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከፊሉ ከባለንብረቱ ጋር ተጣልቶ መሆኑን ይምላል፤ ጥቂቱ ደግሞ የቀድሞው መኪና አርጅቶበት መሆኑን ይገምታል። ይህ ወሬ በዓለም መድረክ ከሚደምቅባቸው ሥፍራዎች አንዱ የመኪና እሽቅድምድም ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን የመርሴዲስን ቡድን ትቶ ከ2025 ጀምሮ ለፌራሪ እንደሚነዳ በተገለጸ ጊዜ የዓለም ጋዜጦች ስለ ሌላ ነገር የሚጽፉ አይመስሉም ነበር።

ውድ አንባብያን! እኔ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ከዚያ ሁሉ ወሬ ቀድሞ የነበረውን፣ ቤት በመለወጥም ተወዳዳሪ ያልተገኘለትን ሰው ነው። ይህ ሰው አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ፋንጂዮ የተወለደው ሰኔ 24 ቀን 1911 ከቦነስ አይረስ ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባልካርሴ ከተማ ነው። ባልካርሴ በድንች እርሻዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። ወላጆቹ እንጀራ ፍለጋ ከኢጣልያ አገር ባሕር ተሻግረው የመጡ ድሆች ነበሩ፤ አባቱም በግንበኝነት ሥራ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር። ልጁ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ወደ ጋራዥ ገባ። በዚያም ብሎን ከማቀበልና ወለል ከመጥረግ ጀምሮ ሞተር ፈትቶ እስከ መግጠም ደረሰ። እግር ኳስም ይወድ ነበር፤ እግሮቹ ጎበጥ ያሉ ስለ ነበሩ ጓደኞቹ ያወጡለት የቅጽል ስም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አብሮት ኖሯል።

ወታደራዊ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ በከተማው ውስጥ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በ1936 የመጀመሪያ ውድድሩን ያደረገው በታክሲነት ስታገለግል በነበረች አሮጌ ፎርድ ነው። ኋላም ለረጅሙ የአገር አቋራጭ ውድድር የሚበቃ መኪና መግዛት አቅቶት በነበረ ጊዜ፣ ወዳጆቹና የባልካርሴ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው መኪና ገዙለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ማለት ነው። አያቶቻችን ከየኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ላሠሩበት ለእኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የሰው አደራ የተሸከመ ነጂ ደግሞ ለራሱ ብቻ እንደሚነዳ ሰው ሊሆን አይችልም።

አደራውንም በላ የሚባል አልሆነም። በ1940 ከቦነስ አይረስ ተነሥቶ እስከ ፔሩ ዋና ከተማ እስከ ሊማ፣ ከዚያም ተመልሶ እስከ ቦነስ አይረስ የሚደርሰውን 9,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውድድር በሸቭሮሌ መኪና አሸነፈ። መንገዱ አስፋልት አይምሰላችሁ፤ አቧራና ጭቃ፣ ወንዝና ገደል ያለበት፣ አየሩ እስኪሳሳ ድረስ ከፍ ባሉት በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚያልፍ ነበር። መኪና በተሰበረ ጊዜ የሚጠግኑት ነጂውና ረዳቱ ራሳቸው ናቸው። ፋንጂዮ የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የማወቅ፣ የታመመውንም መኪና እያስታመመ እስከ መጨረሻው የማድረስ ጥበብ የተማረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ ኀዘንም አመጣበት። በ1948 በፔሩ ውስጥ በሌሊት ሲነዳ መኪናው ተገልብጣ ረዳቱና የልብ ወዳጁ ዳንኤል ኡሩቲያ ሞተ።

በ1949 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በርካታ ውድድሮችን በማሸነፉ የታላላቅ ፋብሪካዎች ዓይን ዐረፈበት። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 38 ዓመት ነበር፤ ሌላው ነጂ ስለ ማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ እርሱ ገና መጀመሩ ነበር። እዚህ ላይ የዘመኑን አሠራር መግለጥ ይገባኛል። መኪናውን ሠርቶ፣ መካኒኮቹን ቀጥሮ፣ ነጂውንም ከፍሎ የሚያሰልፈው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ነበር። ነጂዎች ብዙዎቹ የሚዋዋሉት ለአንድ ዓመት ብቻ ስለ ሆነ ውድድሩ ባበቃ ቁጥር ማን ወዴት እንደሚሄድ መገመት የጋዜጠኞች የክረምት ሥራ ነበር።

የዓለም የነጂዎች ሻምፒዮና በ1950 ሲመሠረት ፋንጂዮ የገባበት የመጀመሪያው ቤት የኢጣልያው አልፋ ሮሜዎ ነው። በዚያ ዓመት በመጨረሻው ውድድር መኪናው ስለ ተበላሸበት ድሉ ለቡድን ጓደኛው ለጁዜፔ ፋሪና ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በባርሴሎና በተደረገው በመጨረሻው ውድድር የፌራሪ ነጂዎች በጎማ ምርጫ ስሕተት ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ ፋንጂዮ አሸንፎ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ማዕርግ አገኘ። ነገር ግን የአልፋ መኪና ከጦርነቱ በፊት የተነደፈ ነበር፤ አዲስ ለመሥራት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ፋብሪካው በ1951 መጨረሻ ከውድድሩ ወጣ። ሻምፒዮኑም ቤት አልባ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ቤቱ ወደ ሆነው ወደ ማዜራቲ ሄደ። በሰኔ ወር 1952 በሰሜን አየርላንድ ለሌላ ቡድን ነድቶ በማግሥቱ በኢጣልያ በሞንዛ መሰለፍ ነበረበት። አውሮፕላን ስላመለጠው ከፓሪስ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ ዐደረና ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ያለ እንቅልፍ ወደ መኪናው ገባ፤ በሁለተኛው ዙር ላይ ከመንገድ ወጥቶ አንገቱ ተሰበረ። የቀረውን ዓመት በሕክምና አሳለፈ። በ1953 ተመልሶ በዚያው በሞንዛ አሸነፈ።

ለ1954 ከጦርነቱ በኋላ ወደ ግራንድ ፕሪ ውድድር የሚመለሰው የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ ፋንጂዮን አስፈረመ። ነገር ግን አዲሱ መኪና በጊዜው አልደረሰም። ፋንጂዮ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም፤ በአርጀንቲናና በቤልጂግ ለማዜራቲ ተሰልፎ ሁለቱንም አሸነፈ። ሊለቅቀው ለተዘጋጀው ቤት እንኳ በሙሉ ልቡ ሠራለት ማለት ነው። ሐምሌ 4 ቀን መርሴዲስ በፈረንሳይ በሬምስ ብቅ ሲል እርሱ አንደኛ፣ ጀርመናዊው ካርል ክሊንግ ሁለተኛ ሆኑ። በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

በ1955 ግን በሌ ማን ውድድር ላይ ታላቅ መቅሠፍት ደረሰ። የመርሴዲስ ቡድን አንዱ መኪና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወደ ሕዝቡ መካከል ተወረወረና ከሰማንያ በላይ ሰዎች ሞቱ። ፋንጂዮ ከኋላ ቅርብ ነበረ፤ በጭሱ መካከል ሾልኮ በጠባቡ ተረፈ። በዓመቱ መጨረሻ መርሴዲስ ከውድድር ወጣ። ፋንጂዮ ሁለተኛ ጊዜ ቤቱ ፈረሰበት።

በ1956 የገባበት አራተኛው ቤት ፌራሪ ነው። ይህ ዓመት አልተመቸውም። ከቡድኑ ባለቤት ከኤንዞ ፌራሪ ጋር አልተዋደዱም፤ መኪናው እንደሚገባ እየተዘጋጀ መሆኑንም ይጠራጠር ስለ ነበረ ለእርሱ ብቻ የሚሠራ መካኒክ ጠይቆ በዓመቱ አጋማሽ ተሰጠው። በመጨረሻው ውድድር በሞንዛ መኪናው በተሰበረ ጊዜ የቡድን ጓደኛው እንግሊዛዊው ፒተር ኮሊንስ ከመኪናው ወርዶ ለፋንጂዮ ሰጠው። በዚያ ዘመን ደንቡ ይህን ይፈቅድ ነበር። ኮሊንስ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ራሱም ሻምፒዮን ለመሆን ተስፋ ነበረው። ፋንጂዮ ያችን መኪና ይዞ ሁለተኛ ወጣና አራተኛ ማዕርጉን አገኘ። ክፉ አሠሪ ባለበት ቤት ውስጥ እንኳ ደግ ባልንጀራ እንደማይጠፋ ከዚህ እንማራለን።

ዓመቱ እንዳለቀ ፋንጂዮ በገዛ ፈቃዱ ከፌራሪ ወጥቶ ወደ ማዜራቲ ተመለሰ። ነሐሴ 4 ቀን 1957 በጀርመን በኑርቡርግሪንግ የተደረገው ውድድር የሕይወቱ ታላቅ ቀን ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት ወደ 23 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በጫካና በኮረብታ መካከል የሚጠማዘዝ ጎዳና ነው። ማዜራቲ መኪናውን ቀለል ለማድረግ ግማሽ ጋን ቤንዚን ብቻ ሞልቶ ለመነሣት፣ በመካከሉም ቆሞ ለመሙላትና ጎማ ለመለወጥ ወሰነ። ነገር ግን መካኒኮቹ ጎማውን ሲለውጡ ዘገዩ። ፋንጂዮ ሲወጣ ሁለቱ የፌራሪ ነጂዎች፣ ማይክ ሆቶርንና ያው ኮሊንስ፣ ከአርባ ሴኮንድ በላይ ቀድመውት ነበር። የ46 ዓመቱ ሰው የጎዳናውን የፍጥነት ክብረ ወሰን ደጋግሞ እየሰበረ ተከተላቸው፤ አንዱንም ዙር በ9 ደቂቃ ከ17.4 ሴኮንድ ፈጸመ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ሁለቱንም ዐልፎ በ3.6 ሴኮንድ ብልጫ አሸነፈ። በዚህም አምስተኛ ማዕርጉን አረጋገጠ፤ ከዚያም በኋላ በሻምፒዮናው ውድድር ዳግመኛ አላሸነፈም።

ማዜራቲም በገንዘብ እጦት ቡድኑን በትኖ ነበርና ፋንጂዮ በሐምሌ 1958 በሬምስ የመጨረሻ ውድድሩን አድርጎ አቆመ። በዚያ ቀን የሚመራው ሆቶርን ፋንጂዮን በአንድ ሙሉ ዙር ሊቀድመው ሲችል ለክብሩ ሲል ወደ ኋላ እንደ ቀረ ይተረካል። የዚያ ዘመን ነጂ አርጅቶ ማረፍ ራሱ ታላቅ ዕድል ነበር፤ ኮሊንስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው በኑርቡርግሪንግ ሞተ። ፋንጂዮ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በመኪና ንግድ ኖረ። በ1986 በባልካርሴ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። ሐምሌ 17 ቀን 1995 በ84 ዓመቱ ዐረፈና ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ባሳደገው በዚያው ከተማ ተቀበረ።

በሻምፒዮናው 51 ጊዜ ተሰልፎ 24 ጊዜ አሸንፏል። የአምስት ማዕርጉን ክብረ ወሰን ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማኸር በ2003 ሰበረው፤ ሹማኸርም በኋላ ሃሚልተንም እስከ ሰባት ደርሰዋል። ነገር ግን በአራት ቡድኖች ሻምፒዮን የሆነ ነጂ ከፋንጂዮ በቀር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አንዳንድ ሰዎች ፋንጂዮ ምርጥ መኪና እየፈለገ የሚዞር ሰው ስለ ነበረ ብቻ እንዳሸነፈ ይናገራሉ። እኔ ግን ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት መውጫዎቹን አንድ በአንድ እንቁጠር እላለሁ። ከአልፋም ከመርሴዲስም የወጣው ቤቶቹ ተዘግተው ነው። ከማዜራቲ ወደ መርሴዲስ የሄደው የተሻለ ፈልጎ ነው፤ ይህን አንክድም፤ ነገር ግን ሁለት ድል ትቶ ሄደ። ከፌራሪ የወጣው እምነት በማጣት ነው፤ ነገር ግን ማዕርጉን አስገኝቶ ወጣ። ምርጥ መኪና መምረጥም ቢሆን በልጅነቱ ጋራዥ ውስጥ እጁን በዘይት ያጠቆረ ሰው ያገኘው ዕውቀት ነው እንጂ ዕድል አይደለም።

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን እንደ አባቶቻችን ወደ አዲስ አበባ ለንግድ፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን። በየመንገዱም ቤት መለወጣችን፣ ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው መዛወራችን የማይቀር ነው፤ የመናኸሪያው ወሬም ይከተለናል። ወሬው ወዴት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። የፋንጂዮ ሕይወት ግን ሌላ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀናል፤ በነበርህበት ቤት ምን ሠራህ? ስትወጣስ እንዴት ወጣህ? ለእነዚህ ሁለቱ በቂ መልስ ያለው ሰው አራት ቤት ቢገባም ከዳተኛ አይባልም፤ አንድ ቤት ብቻ ኖሮ መልስ የሌለውም ታማኝ ሊባል አይገባውም።