ሄርማን ሄልምሆልዝ፦ የዓይንን ውስጥ ያሳየን ሐኪም

ወልዲያም ሆነ መርሳ ዓይንዎን ሲመረመሩ ባለሙያው ፊቱን አስጠግቶ በትንሽ መብራት ወደ ብሌንዎ ሲመለከት አስተውለው ይሆናል። መሣሪያው ኦፕታልሞስኮፕ ይባላል፤ የፈለሰፈውም ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልዝ ነው።

ሄልምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1821 በፖትስዳም ከመምህር አባት ተወለደ። የሚወደው ፊዚክስን ነበር፤ ቤተሰቡ ግን የማስተማር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ መንግሥት በነጻ ወደሚያስተምረው ሕክምና ገባ፤ ውለታውንም በጦር ሐኪምነት ከፈለ። በ1849 በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን ሐኪም የሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አይችልም ነበር። ብሌን ጥቁር የሚመስለው ለምንድን ነው? ወደ ዓይን የገባ ብርሃን ተመልሶ የሚወጣው በመጣበት መንገድ ነው፤ ለማየት ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ በራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርዳል። ሄልምሆልዝ ለትምህርት ሲዘጋጅ መፍትሔው ታየው። ብርጭቆ አጋድሞ የመብራቱን ብርሃን ወደ ዓይን መለሰ፤ በዚያው ብርጭቆ አሻግሮ ደግሞ ተመለከተ። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው ከካርቶን፣ ከማጣበቂያ፣ ከመነጽር መስተዋትና ከስስ ብርጭቆ ነበር። ግኝቱንም በ1851 አሳተመው።

በርሊን የነበረው ወጣቱ የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፈ መሣሪያውን ፈጥኖ ተቀበለ። በግላኮማ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ሰውየው በሕይወት እያለ መታየት የጀመረው ያኔ ነው። ሄልምሆልዝ ራሱ በኋላ ወደ ፊዚክስ ተመልሶ በ1894 አረፈ። ቅርብ ነገር ስናይ የዓይን ሌንስ እንደሚወፍርም አስረድቷል፤ ከ40 ዓመት በኋላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የሚያስቸግረን ይህ ሌንስ ስለሚደርቅ ነው።

ሀብሩ ውስጥ ዓይኔ አላመመኝም ብለው የሚቆዩ ከሆነ ይህን ይወቁ፦ አብዛኛው ግላኮማ አያምም፤ የወሰደው ብርሃንም አይመለስም። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ ወይም በቤተሰብዎ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ በየጊዜው ይመርመሩ፤ የስኳር ሕመም ካለብዎ ደግሞ በየዓመቱ። ከገበያ የሚገዛ መነጽር ፊደሉን ቢያጠራም የዓይንዎን ውስጥ አያይም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ከመሳሰሉ ተቋማት የተመረቀ ኦፕቶሜትሪስት ግን ያያል፤ ሲያስፈልግም ወደ ዓይን ሐኪም ይልክዎታል። መርማሪው መነጽር የሚሸጥ ከሆነ ቁጥሩን በወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት እይታን ያደበዝዛል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ አብሮዎት የሚመለስ ሰው ይያዙ።