የብላንፎርድ ሕይወትና የጠፋው ተራራ

እኛ የአምበር ልጆች ከልጅነት ጀምሮ የረገጥነው ጥቁሩን ባዛልት ስለሆነ፣ ድንጋይ ሁሉ እንደዚያው ይመስለን ነበር። የአገራችንን ድንጋዮች ታናሽና ታላቅ ለይተው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ግን ከጠላት ጦር ጋር የመጣ እንግሊዛዊ ነው።

ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1832 በለንደን ተወለደ። የማዕድን ትምህርት ተምሮ በ1855 ሕንድ አገር የመንግሥት ጂኦሎጂስት ሆነ። የጄኔራል ናፒየር ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ ድንጋዩንና እንስሳቱን እንዲያጠና አብሮ ተላከ።

ጦሩ በዛሬዋ ኤርትራ ከዙላ ወደ ሰንዓፌ የወጣበት ሸለቆ ግራ ቀኙ አሮጌ ድንጋይ ነው። ብላንፎርድ ይህን ሜታሞርፊክ፣ ማለትም የተለወጠ፣ ብሎ ከሁሉ በታች አኖረው። በላዩም የአዲግራትን የአሸዋ ድንጋይ፣ የሕንጣሎን የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም የአሸንጌንና የመቅደላን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደረደረ። የጌቶቹን ሳይሆን የአገራችንን ስም መስጠቱን ከምስጋና እንቈጥርለታለን።

የሸክላ ጭቃ ከተተኰሰ በኋላ ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ሁሉ፣ የባሕር ደለልም ወደ ምድር ጥልቅ ወርዶ ሲግልና ሲጨመቅ ሺስት ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይም እብነ በረድ። በውስጡ የሚያድጉት እንደ ጋርኔት ያሉ ማዕድናት ምን ያህል እንደ ጋለና እንደ ተጫነው ይመሰክራሉ። በብላንፎርድ ዘመን የድንጋይን ዕድሜ በዓመት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። የዛሬ ሊቃውንት ግን ከ800 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ተዘግቶ፣ የብስ ከየብስ ተጋጭቶ፣ ከዐረብ ምድር እስከ ሞዛምቢክ የተራራ ሰንሰለት እንደ ተነሣ ከዚሁ ድንጋይ አንብበዋል። ያ ተራራ ተሸርሽሮ ጠፋ፤ የቀረው ሥሩ ነው። የእኛ ጮቄ ከብዙ ዘመን በኋላ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ስለሆነ ዘመዱ አይደለም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። ጦሩ ዘውድና የብራና መጻሕፍት ጭኖ መሄዱን ሳናነሣ ማለፍ አይሆንልንም። ብላንፎርድ ያየውንና የሰበሰበውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በ1870 በለንደን በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1883 የዎላስተን ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1905 ሞተ።

የሰጣቸው ስሞች ግን ዛሬም በጂኦሎጂ ካርታ ላይ አሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ተማሪ ከባዛልቱ በታች የሕንጣሎን የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶውን፣ ከታችም የአዲግራትን የአሸዋ ድንጋይ ያያል። የጠፋው ተራራ ሥር ከዚያም በታች ተሸፍኖ ይቈይና፣ ዓባይ ወደ መተከል ሲደርስ ብቅ ይላል።