ለጊዜው ተብለው ገብተው 26 ዓመት የቆዩት እንደራሴ

ኅዳር 21 ቀን 1912 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1919፣ አንዲት ጥቁር ልብስ የለበሱ ሴት ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት በሁለት ታላላቅ ፖለቲከኞች ታጅበው ገቡ። በአንድ ወገን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ፣ በሌላው ወገን የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አርተር ባልፎር ነበሩ። ሴትዮዋ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴ ናንሲ አስተር ናቸው። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ በፓርላማዋ በምትኮራው ብሪታንያ ግን ሴት ወንበር ይዛ ከሕግ አውጪዎች ጋር ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አየርላንዳዊቷ ኮንስታንስ ማርኪዬቪች ቢመረጡም፣ ፓርቲያቸው በለንደን ፓርላማ ላለመቀመጥ የወሰነ በመሆኑ ወንበራቸውን አልያዙም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናንሲ በትውልዳቸው እንግሊዛዊ አይደሉም። የተወለዱት በ1879 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ዳንቪል በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው በእርስ በርስ ጦርነቱ ደኅይተው የነበሩና ኋላ በባቡር ሐዲድ ሥራ ሀብት ያፈሩ ሰው ነበሩ። ናንሲ በ18 ዓመታቸው ያገቡት የመጀመሪያ ባላቸው መጠጥ የሚያበዙ ነበሩ፤ ትዳሩም አንድ ልጅ አፍርቶ በ1903 በፍቺ ተጠናቀቀ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በ1906 የባለጸጋ ልጅ የሆኑትን ዋልዶርፍ አስተርን አገቡ። ክላይቭደን የተባለው ሰፊ ርስት የሠርግ ስጦታቸው ሆነ።

ዋልዶርፍ የወደብ ከተማዋ የፕሊመዝ እንደራሴ ነበሩ። በ1919 አባታቸው ሲሞቱ የመኳንንት ማዕረጉ ወደ እሳቸው ተላለፈ፤ በዚያ ዘመን ማዕረጉን የወረሰ ሰው ደግሞ ወደ ላይኛው ምክር ቤት መዛወር ግዴታው ነበር። ዋልዶርፍ ማዕረጉን የሚተውበት ሕጋዊ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ሚስታቸው ቦታውን እንዲጠብቁላቸው ታሰበ። መንገዱ ግን አልተገኘም። ናንሲ በማሟያ ምርጫው 14,495 ድምፅ አግኝተው የሠራተኛውንና የሊበራሉን ፓርቲ ዕጩዎች አሸነፉ፤ ከዚያም በኋላ ስድስት ጊዜ ተመረጡ።

አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። የቅርብ ወዳጆቻቸው የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ በምክር ቤቱ መተላለፊያ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ዊንስተን ቸርችል ናቸው። ወደ ወንበራቸው ሲያልፉ እግሩን የማይሰበስብ ወንድ እንደነበረም ይነገራል። እሳቸውም ሰው አለባበሳቸውን ትቶ ሥራቸውን እንዲያይ በማሰብ ዘወትር ጥቁር ልብስና ቀላል ባርኔጣ ያዘወትሩ ነበር። በ1921 የሊበራል ፓርቲዋ ማርጋሬት ዊንትሪንግሃም እስኪመረጡ ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻቸውን ተቀመጡ። ከመላ አገሪቱ የሴቶች አቤቱታ የሚጎርፈው ታዲያ ወደ እሳቸው ነበር።

የመጀመሪያ ንግግራቸው ስለ መጠጥ ነበር። ነገሩ ከራሳቸው ቤት ያዩት ነው፤ መርከበኛ በሚበዛባት ፕሊመዝም ደመወዝ መጠጥ ቤት ቀርቶ ልጆች ተርበው የሚያድሩበትን ኑሮ ያውቁታል። በ1923 ዕድሜያቸው 18 ዓመት ላልሞላ ወጣቶች አልኮል በመጠጥ ቤቶች እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ አስወጡ። አንዲት ሴት እንደራሴ በግሏ ያቀረበችው ረቂቅ በብሪታንያ ሕግ ሆኖ ሲጸድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሕጉ ከሥራቸው ሁሉ ዕድሜው የረዘመው ሳይሆን አይቀርም። ሴቶች ከወንዶች እኩል በ21 ዓመታቸው እንዲመርጡ የፈቀደው የ1928 ሕግም የእሳቸውን ድጋፍ አግኝቷል።

አንደበታቸው ለማንም የማይመለስ ነበር። በ1931 ከደራሲው በርናርድ ሾው ጋር ወደ ሞስኮ ሄደው ስታሊንን ፊት ለፊት፣ ሕዝቡን መግደል የሚያቆመው መቼ እንደሆነ ጠየቁት ይባላል። ይኸው አንደበት ግን ጎድቷቸዋል። በካቶሊኮችና በአይሁድ ላይ የነበራቸው ጥላቻ በዘመናቸውም ያስነቀፋቸው ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሂትለርን በመለማመጥ ጦርነትን ማስቀረት ይቻላል የሚለውን የኔቪል ቻምበርሊንን መንገድ ደገፉ፤ በክላይቭደን የሚሰበሰቡትን እንግዶቻቸውንም ጋዜጦች የናዚ ወዳጆች አድርገው ሣሏቸው። የሤራው ወሬ የተጋነነ ቢሆንም ፖለቲካዊ ስሕተታቸው እውነት ነበር። በግንቦት 1940 ግን ከገዛ ፓርቲያቸው መንግሥት ተለይተው በቻምበርሊን ላይ ድምፅ ሰጡ።

በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ፕሊመዝን በቦምብ ሲያወድሟት ዋልዶርፍ ከንቲባ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ናንሲ ከተማዋን ጥለው አልሄዱም። በየመጠለያው እየዞሩ ቤት የፈረሰበትን ያጽናኑ፣ ሕዝቡን ለማሳቅም እንደ ሕፃን በእጃቸው ቆመው ይገለባበጡ ነበር።

በ1945 ባላቸው ዳግም እንዳይወዳደሩ መከሯቸው፤ ፓርቲውም ቢሆን በእሳቸው ማሸነፉን ተጠራጥሮ ነበር። ናንሲ ሳይወዱ ከፖለቲካ ወጡ። ቅሬታው በባልና ሚስቱ መካከል ለዓመታት ቆየ፤ ዋልዶርፍ በ1952 አረፉ። ናንሲም ግንቦት 2 ቀን 1964 በሴት ልጃቸው ቤት አርፈው ዐፅማቸው በክላይቭደን ከባላቸው ጋር አረፈ። ፓርላማ የገቡበት መቶኛ ዓመት በ2019 ሲከበር በፕሊመዝ፣ በቀድሞ ቤታቸው አቅራቢያ፣ ሐውልት ቆመላቸው። መጋረጃውን የገለጡት የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የዚያው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል ቴሬዛ ሜይ ነበሩ።