ጊቺን ፉናኮሺ፤ ግቢ ጠራጊው መምህር

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ሐረር ገብተን ሳለ፣ ካራቴ ከምንማረው ከእኛ አንዱ ፈረስ መጋላ ላይ በአንዲት ክፉ ቃል ተነሣሥቶ ሰው መታ። የሰውየው ጥርስ ተሰበረ። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ነገሩ በካሣ አለቀ፤ ነገር ግን ይህን ማን እንዳስተማረን ሲጠይቁን የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ የዘመናዊ ካራቴ አባት ለሚባሉት ሰው ሰጠነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊቺን ፉናኮሺ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት ዓመት፣ በ1868፣ በኦኪናዋ ደሴት በሹሪ ተወለዱ። ሹሪ የራሱ ንጉሥ የነበረው የሪዩክዩ መንግሥት መናገሻ ነበረ፤ በ1879 ጃፓን መንግሥቱን አፍርሳ ደሴቱን ጠቀለለችው። የሐረር አሚር በጨለንቆ ድል የሆኑት ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ የጀጎል ልጅ የሹሪን ልጅ ሐዘን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ያለ ወራቸው ስለ ተወለዱ ደካማ ሕፃን ነበሩ። የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ቢመኙም፣ በአናት ላይ የሚቋጠረውን ጠጉር ያልቆረጠ አይገባም ስለ ተባለ ቤተሰቡ ከለከላቸው። በ1888 ረዳት መምህር ሲሆኑ ግን ቆረጡት፤ ወላጆቻቸውም እጅግ ተቆጡ። ስለ ጠጉር ከአባቱ ጋር ያልተጣላ ከመካከላችን ስለሌለ ይህን ስናነብ ሳቅን።

ካራቴ ያን ጊዜ በስውር የሚሠራ ነገር ነበር። ቀን ሕፃናትን ሲያስተምሩ ውለው፣ ሌሊት ፋኖስ ይዘው ወደ መምህራቸው ወደ አንኮ አዛቶ ቤት ይሄዱ ነበር። አዛቶ አንዱን ካታ፣ ማለትም ተርታውን የጠበቀ የምትና የመከታ እንቅስቃሴ፣ ለወራት ያስደግሟቸዋል እንጂ ሌላ አይጨምሩም። ተክኪ የተባሉትን ሦስት ካታዎች ለመማር 10 ዓመት ፈጀባቸው። እኛ በሦስት ወር ቀበቶ ካልተለወጠልን የምናኮርፍ ነን።

በ1922 የትምህርት ሚኒስቴር ቶኪዮ ላይ ባዘጋጀው ትርኢት ካራቴን እንዲያሳዩ ተላኩ፤ ዕድሜያቸው 53 ነበር። የጁዶው መሥራች ጂጎሮ ካኖም ዘንድ ተጋብዘው አሳዩ። እንዲቆዩ ስለ ተለመኑ ሚስታቸውን በደሴቱ ትተው በዚያው ቀሩ።

ልባችንን የነካው ከዚህ ወዲያ ያለው ዘመን ነው። ያደሩት በኦኪናዋ ተማሪዎች ማደሪያ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ቀን ግቢውን ይጠርጋሉ፣ በር ይጠብቃሉ፣ አትክልቱን ይንከባከባሉ፤ ማታ ካራቴ ያስተምራሉ። ገንዘብ ሲያጡ ልብሳቸውን መያዣ ያስይዙ ነበር። የማደሪያውን ወጥ ሠሪ ሳይቀር ካራቴ አስተምረው የምግብ ሒሳብ አስቀንሰዋል። አንድ ቀን ጋዜጠኛ መጥቶ፣ መጥረጊያ የያዙትን ሽማግሌ የካራቴው መምህር የት እንዳሉ ጠየቃቸው። ጥቂት እንዲቆይ ነግረውት ሮጠው ገቡ፤ ኪሞኖ ለብሰው ቢመለሱ ጋዜጠኛው ደነገጠ።

በ1924 የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክለብ አቋቋሙ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ። ከዚያች ደሴት የወጣውን ጥበብ ወደ ዓለም ያደረሱት በአብዛኛው እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ሽማግሌውን ያሳዘኑትም እነርሱ ናቸው፤ በካታ ብቻ ሰልችተው ፊት ለፊት መጋጠምን ፈለጉ። ፉናኮሺ ግን ካታ ሁሉ በመከታ እንደሚጀምር፣ ካራቴ የሚያውቅ ሰውም ቀድሞ እጁን እንደማያነሣ እያስተማሩ ግጥሚያን ሳይወዱ ኖሩ። ይህን ለጓደኛችን ብናነብለት ዝም አለ።

በ1945 ሾቶካን የተባለው ዶጆአቸው በአውሮፕላን ድብደባ ጠፋ፤ በካራቴ ይተካቸዋል የተባለው ልጃቸው ጊጎም በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሚስታቸውን ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቢያገኟቸው በ1947 ተለዩአቸው። እርሳቸው ማስተማሩን አልተዉም። ሚያዝያ 1957 ቶኪዮ ውስጥ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ደቀ መዛሙርታቸው የመጀመሪያውን የመላ ጃፓን የካራቴ ግጥሚያ አደረጉ።