ነርሷ ልዕልት

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በወረራው ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደው ሳለ፣ ማዕርጋቸው ሳያግዳቸው በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. በሙያው ተመዘገቡ። ከነጻነት በኋላ፣ በሚያዝያ 1934 ዓ.ም.፣ ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተው ወደ ለቀምት ሄዱ። ጋብቻው አራት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በነሐሴ፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሙያውን የተማሩት፣ የንጉሥ ልጅ የሆኑት እንኳ አልዳኑም።

በስማቸው በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ የመጡት ወደዚሁ ነው። ይህን መዘንጋት ለእኛ ለአዋላጆች አይገባም።

ነገሩ ቀወትን ያስታውሰኛል። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባሉት የይፋት ቆላ መንደሮች እናትና ጨቅላዋን ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት ማየት ይገባል። የአራስነቱን አርባ ቀን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብረዋልና የመጨረሻው ጉብኝት ከልማዱ ጋር ይገጥማል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ ደም የሚፈሰው በዚያ ቀን ነው፣ አራስም ከቤት አትወጣም። ስለዚህ የምንሄደው እኛ ነን።