ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጊታር እየመቱ የሚያመሹ ጓደኞች አሉን። እነርሱ ስለ አሜሪካዊው ጊታር መቺ ስለ ሮበርት ጆንሰን ሲያወሩ ዘወትር እንሰማለን። ይህ ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1936 እና በ1937 29 ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጾ፣ በ1938 ገና በ27 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ ሞት ብዙ ዘመን በኋላ የተነሡት ዝነኞቹ የሮክ ጊታር መቺዎች ከሸክላዎቹ ተምረዋል። እኛም ይህን ስንሰማ፣ ከአገራችን ሰዎች አስቀድሞ ዘፈኑን በሸክላ ያስቀረጸው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግን። እኒህ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ መሣሪያቸውም የጭራ አውታር ያለው ማሲንቆ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1868 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወልደው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ሰምና ወርቅ ባለው የአማርኛ ግጥማቸው ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ባሉበት በጎጃም ለምንኖር ለእኛ የሰምና ወርቅ ነገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በግዕዝ የሚደክምበትን ጥበብ፣ ተሰማ በአማርኛ ከዜማ ጋር አዋሕደው ለአዳራሹ ሰው ያቀርቡት ነበር።

በዚያን ዘመን አውቶሞቢል ወደ አገራችን መግባት ጀምሮ ነበርና፣ መንዳቱንና መጠገኑን ይማሩ ዘንድ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ለመኪና ትምህርት የሄዱት ሰው በዚያው 17 ሸክላዎች አስቀረጹ። ያን ጊዜ ድምፅ የሚቀረጸው እንደ ዛሬው በኤሌክትሪክ አልነበረም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል ነገር ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁም ኃይል መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ መስመር ይቀርጻል። የአንዱ ሸክላ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ቢሆንም የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በዚህ ነው፤ ከሮበርት ጆንሰንም 28 ዓመት ያህል ይቀድማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። በአገራችን አዝማሪ በሠርግና በግብዣ ይፈለጋል፣ ይሸለማልም፤ ነገር ግን ከግብዣው በኋላ ስሙ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። የቤተ መንግሥት ልጅ ማሲንቆ ይዞ መዝፈኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ተሰማ ግን መኪናውንም ማሲንቆውንም ያዙ፤ አንዱ ሌላውን አላስጣላቸውም።

ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፤ ነጋድራስ ተብለውም ከፍ ከፍ አሉ። ሆኖም መስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የወዳጆቻቸውም ዕድል አብሮ ወደቀ። ሹመት እንዲህ ሲያልፍ፣ በሰም ላይ የተቀረጸው ድምፅ ግን ቀረ።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. መግቢያ በጅማ ተወለዱ። ይድነቃቸው ዝነኛ የእግር ኳስ ተጫዋች ከሆኑ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘውን ብሔራዊ ቡድናችንን አሠለጠኑ። ሽማግሌው አባት ይህን የልጃቸውን ክብር ለማየት በቅተው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ሸክላዎቻቸውም ከተቀረጹ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው በሁለት ሲዲ እንደ ገና ወጡ፤ እኛ የሰማናቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ ይንሿሿል፤ ቃሉን ለመለየት ጆሮን ማቅናት ያሻል፤ ነገር ግን ሰውየው በፊታችን ያለ ይመስላል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት ላይ የጻፍነው በምክንያት ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በማሲንቆ ያረጁ አባቶችና እናቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ባረፈ ቁጥር ድምፁም አብሮት ይቀበራል። ተሰማ ድምፃቸውን ያስቀረጹት ባሕር ተሻግረው ነው፤ ዛሬ ግን መቅረጫው በየኪሳችን ነው። እኛ ተማሪዎች ሄደን እንቅረጽ፤ እናንተም ማሲንቆ ያነሣውን ልጅ አዝማሪ ብላችሁ አትስደቡት።